የሸቭሮሌት ስሞል ብሎክ ሞተር ዕቃዎች፦ የትኛው ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

«ስሞል ብሎክ ከሆነ ሁሉም ይገጥማል» የሚለው አባባል አሮጌ የአሜሪካ መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ሁሉ የሚሰማ ነው። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው፤ ገንዘብ የሚያስከፍለው ግን ቀሪው ግማሽ ነው። ስሞል ብሎክ የሚባለው ይህ የሸቭሮሌት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1955 በ265 ኪዩቢክ ኢንች ይዘት ከወጣ በኋላ፣ በይዘቱ 283፣ 327፣ 302፣ 307፣ 350፣ 400 እና 305 እየተባለ በኮርቬት፣ በካማሮ፣ በሸቬልና በኖቫ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ተሠርቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለት ልኬቶች አልተነኩም። ከአንዱ ሲሊንደር መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል ያለው ርቀት 4.400 ኢንች፣ ማለትም 111.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን ጉዞ ወደ ዙር ከሚለውጠው ዘንግ) መሃል እስከ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) መቀመጫ ያለው ከፍታ ደግሞ 9.025 ኢንች ነው። በ1962 የተሠራ ቴስታታ በ1985 ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ሌላ ሞተር ላይ የተሳሳተ ዕቃ ስለማይገባ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ስሞል ብሎክ ላይ ግን የተሳሳተው ዕቃ ይገባል፣ ብሎኑም ይጠብቃል፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተዘጋጀው ዕቃው ይገባል ወይ ለሚለው ሳይሆን፣ ገብቶ በትክክል ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ልኬቶቹ በኢንች የተቀመጡትም የእነዚህ ሞተሮች የዕቃ ዝርዝር ሁሉ በኢንች ስለሚታተም ነው።

አንደኛ፦ «350» የሚለውን ቃል አለማመን

ዕቃ ሻጩ «350 ሞተር አለኝ» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን 350?» መሆን አለበት። ጄኔራል ሞተርስ በአንድ ዘመን አራት የተለያዩ 350 ሞተሮች ነበሩት። የሸቭሮሌቱ የሲሊንደር ስፋት 4.00፣ የፒስተኑ ጉዞ 3.48 ኢንች ነው። የቢውኩ 3.80 በ3.85፣ የኦልድስሞቢሉ 4.057 በ3.385 ነው። የፖንቲያኩ 3.875 በ3.75 ስለሆነ ሲባዛ ወደ 354 ይጠጋል፤ ስሙ ብቻ 350 ነው። አራቱ ከስማቸው በቀር የሚጋሩት የሞተር ውስጥ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። በ1977 ኦልድስሞቢል ዴልታ 88 ከገዙ ሰዎች ብዙዎቹ መኪናቸው ውስጥ ያለው የሸቭሮሌት ሞተር መሆኑን ሲያውቁ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰው፣ ኩባንያው ራሱ ስሞቹን ስለቀላቀላቸው ነው።

ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ከፊት ከሆነ ሞተሩ ቢውክ ነው። የሸቭሮሌቱ ዲስትሪቢዩተር ከኋላ፣ ከሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ሥር ይቆማል፤ የዘይት ፊልትሩም በሹፌሩ በኩል ከኋላ ታች ይገኛል።

በራሱ በሸቭሮሌት ቤት ውስጥም ድንበር አለ። በ1965 በ396 የጀመረው ቢግ ብሎክ የሲሊንደሮቹ ርቀት 4.84 ኢንች ነው፤ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የሚታሰርበት የኋላ ገጽና ዲስትሪቢዩተሩ ከስሞል ብሎክ ጋር አንድ ሲሆኑ፣ ክራንክሻፍት፣ ቴስታታና ማኒፎልድ (አየርና ነዳጁን ወደ ቴስታታው የሚያስገባው) ግን አይገናኙም። በ1992 የወጣው ኤልቲ1 ውኃው መጀመሪያ ወደ ቴስታታ እንዲሄድ ተደርጎ ስለተሠራ ቴስታታው ከአሮጌው ብሎክ ጋር አይቀያየርም። በ1997 የመጣው ኤልኤስ 4.400 ኢንቹን ይዞ ቢቀጥልም አዲስ ሞተር ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከ1955 ጀምሮ የተሠራውን የመጀመሪያውን ትውልድ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ብሎኩን ማንበብ

ሽቦ ብሩሽ፣ ትንሽ የቅባት ማጠቢያና የእጅ ባትሪ ይዘው ወደ ብሎኩ የኋላ ክፍል ይሂዱ። በሹፌሩ በኩል፣ ካምቢዮው በሚታሰርበት ገጽ አናት ላይ፣ ብረቱ ሲፈስ አብሮ የወጣ ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ይገኛል። በቀለምና በጥቁር ቅባት የተሸፈነ ስለሚሆን በጣት መዳሰስ ከማየት ይቀድማል። በብዛት ከሚገኙት አንዱ 3970010 ነው፤ ይህ ቁጥር ከ1969 እስከ 1979 ድረስ በአብዛኛው ለ350 ያገለገለ ሲሆን፣ በ1969 ግን ለ302ና ለ327ም ፈስሷል። የሲሊንደር ስፋታቸው ሁሉም 4.00 ኢንች ስለሆነ ቁጥሩ ብሎኩን እንጂ ውስጡ ያለውን ክራንክሻፍት አይነግርም።

ቀጥሎ የፈሰሰበት ቀን ይነበባል። አንድ ፊደል ወሩን፣ ተከታዩ ቁጥር ቀኑን፣ የመጨረሻው አንድ አኃዝ ዓመቱን ያመለክታል፤ «ሲ 14 9» ቢል መጋቢት 14፣ 9 በሚያልቅ ዓመት ማለት ነው። ያ ዘጠኝ 1969 ነው ወይስ 1979? የብሎክ ቁጥሩ 3970010 ከሆነ ሁለቱም ይቻላሉ፤ ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ባለች ጠፍጣፋ ገጽ ላይ በማኅተም የተመታው ጽሑፍ ነው። መጀመሪያው ፊደል ፋብሪካውን፣ አራቱ አኃዞች ሞተሩ የተገጠመበትን ወርና ቀን፣ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ሞተሩ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ያመለክታሉ። «ቪ» ለፍሊንት፣ «ቲ» ለቶናዋንዳ የቆሙ ናቸው።

ያቺ ገጽ ምንም ጽሑፍ ሳይኖርባት አዲስ ብረት መስላ ካብረቀረቀች ልብ ይበሉ። ብሎኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ የቴስታታው መቀመጫ ተልጧል ማለት ነው፤ 9.025 የተባለው ከፍታም ከዚያ በኋላ 9.025 አይደለም። ይህ ከታች ለሚመጣው የፒስተን ስሌት ያስፈልጋል።

ብሎኩ ዋና ብሮንዞቹን (ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸውን ማረፊያዎች) የሚይዘው በሁለት ብሎን ነው ወይስ በአራት የሚለውን ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ ይታያል። አራት ብሎን ነው ተብሎ ዋጋ የተጨመረበት ብሎክ ኮፓው ሳይወርድ ባይገዛ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ክራንክሻፍቱን በማይክሮሜትር መለካት

የክራንክሻፍት መቀያየር ሥራ ሁሉ የሚዞረው በሦስት የአንገት መጠኖች ላይ ነው፤ አንገት የሚባለው ብሮንዙ ላይ የሚዞረው ክብ ክፍሉ ነው። ከ1955 እስከ 1967 የተሠሩት 265፣ 283፣ 327 እና የ1967ቱ 302 ትንሽ አንገት አላቸው፤ ብሎኩ ላይ የሚቀመጠው ዋና አንገት 2.30፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) የሚይዘው አንገት 2.00 ኢንች ነው። 350 ከመጀመሪያው ዓመቱ ከ1967 ጀምሮ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ ወደ መካከለኛው አንገት ተሸጋገሩ፤ ዋናው 2.45፣ የቢየላው 2.10 ኢንች ሆነ። ከ1970 እስከ 1980 የተሠራው 400 ብቻውን ትልቅ አንገት አለው፤ ዋናው 2.65፣ የቢየላው ግን ያው 2.10 ነው።

ማይክሮሜትሩን በእያንዳንዱ አንገት ላይ በሁለት አቅጣጫ ያስቀምጡ፤ ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ አንገቱ ሞላላ ሆኗልና መፈተግ ይኖርበታል። ዋናው አንገት 2.438 ገደማ ቢነበብ ደግሞ ቀደም ሲል በ0.010 ኢንች የተፈተገ መካከለኛ አንገት ነው እንጂ ሌላ ዓይነት አይደለም፤ የመደበኛው ትክክለኛ ልክ ከ2.45 በጥቂት ያነሰ ስለሆነ ንባቡ እንዲህ ይወጣል። የሚገዛው ብሮንዝም በዚያው መጠን የወፈረ መሆን አለበት።

ከዚህ በመነሳት የሚቻለውና የማይቻለው ይለያል። ትንሽ አንገት ያለው ክራንክሻፍት መካከለኛ አንገት በሚቀበል ብሎክ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ወፍራም ብሮንዝ ይገባል። የ350ው ክራንክሻፍት በ400 ብሎክ ውስጥ በተመሳሳይ ዘዴ ይቀመጣል፤ ሲሊንደሩ በ0.030 ከሰፋ 377 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። በተቃራኒው የ400ው ክራንክሻፍት ወደ 350 ብሎክ እንዲገባ ዋና አንገቶቹ ከ2.65 ወደ 2.45 በቶርኖ መውረድ አለባቸው። ቢየላዎች በ5.7 ኢንች ርዝመት ከ265 እስከ 350 ድረስ አንድ ናቸው፤ የትንሹና የመካከለኛው አንገት ቢየላ ግን የዓይኑ ስፋት ስለሚለያይ አይቀያየርም። 400 እዚህም ከቤተሰቡ ይለያል፤ ቢየላው 5.565 ኢንች ነው።

አራተኛ፦ የፒስተኑን ከፍታ በወረቀት ላይ ማስላት

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም በላይ ትርፍ ያለው ሥራ ይህ ነው፤ የሚጠይቀውም እርሳስና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከብሎኩ ከፍታ ላይ የጉዞውን ግማሽና የቢየላውን ርዝመት ይቀንሱ። የሚቀረው ከፒስተኑ ፒን መሃል እስከ ፒስተኑ አናት ሊኖር የሚችለው ርቀት ነው።

ለ350፦ 9.025 ሲቀነስ 1.740 ሲቀነስ 5.700፣ 1.585 ይቀራል። የፋብሪካው ፒስተን 1.560 ስለሆነ አናቱ ከብሎኩ ገጽ 0.025 ኢንች ዝቅ ብሎ ይቆማል። ለ327 ጉዞው 3.25 በመሆኑ 1.700 ይቀራል፤ ፒስተኑ 1.675 ነው። ለ283 እና ለ302 ጉዞው 3.00 ስለሆነ 1.825 ይቀራል፤ ፒስተኑም 1.800 ነው።

የ327ና የ350 ፒስተኖች ስፋታቸው እኩል 4.00 ኢንች ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ። የ327ውን ፒስተን በ350 ክራንክሻፍት ላይ የሰቀለ ሰው ግን አናቱ ከብሎኩ 0.090 ኢንች ወጥቶ ቴስታታውን ሲመታ ያየዋል። በተቃራኒው የ350ውን ፒስተን 327 ውስጥ ቢያስገባ ምንም አይነካም፤ ሞተሩም ይሠራል። ነገር ግን ፒስተኑ 0.140 ኢንች ዝቅ ብሎ ስለሚቀር ኮምፕረሽኑ (የጭመቃው መጠን) ይወድቅና ባለቤቱ ጉልበቱ የት እንደሄደ ሲጠይቅ ይኖራል።

ይኸው ስሌት 383 የሚባለው ሞተር እንዴት እንደተፈጠረም ያስረዳል። 400 ሲሰላ 9.025 ሲቀነስ 1.875 ሲቀነስ 5.565፣ የሚቀረው 1.585 ነው፤ ልክ እንደ 350። ይህ ማለት የ400ው ክራንክሻፍት ዋና አንገቱ ተፈትጎ ከራሱ አጫጭር ቢየላዎች ጋር 350 ብሎክ ውስጥ ሲገባ፣ የ350ው ፒስተን ምንም ሳይለወጥ በትክክለኛው ቦታው ይቆማል። ሲሊንደሩ ወደ 4.030 ከሰፋ፣ 3.75 ኢንች ጉዞ ጋር 382.7 ኪዩቢክ ኢንች ይመጣል። ረጅሙን 5.7 ቢየላ መጠቀም የፈለገ ሰው 1.425 ከፍታ ያለው ልዩ ፒስተን መግዛት አለበት። በሁለቱም መንገድ የቢየላው ብሎኖች ከብሎኩ የታችኛው ጠርዝና ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር እንዳይነካኩ ክራንክሻፍቱን ቀስ ብሎ በእጅ እያዞሩ መፈተሽና በሚነካበት ቦታ ብሎኩን መሞረድ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ ሚዛንና የኋላው ዘይት መያዣ

እስከ 1985 ድረስ የተሠሩት ሞተሮች የኋላው ፓራኦሊዮ (የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ አንድ ቁራጭ ሆነ። ለውጡ ጎማዋ ላይ ብቻ አልቆመም። በአሮጌው ክራንክሻፍት የኋላ ጠርዝ ላይ የነበረው የሚዛን ክብደት በአዲሱ ስለጠፋ፣ ያ ክብደት ወደ ቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጀርባ ወደሚታሰረው ጥርሳም ክብ ብረት) ተዛወረ። ቮላኖው የሚታሰርባቸው ብሎኖች ክብም ከ3.58 ወደ 3.00 ኢንች ጠበበ። ብሎኖቹ ስለማይገናኙ የሁለቱን ዘመን ቮላኖ መቀላቀል አይቻልም፤ እዚህ ላይ ፋብሪካው ከስህተት አድኖናል። የአሮጌውን ክራንክሻፍት በአዲሱ ብሎክ ለማስገባት የሚያስችል ማገናኛ ቀለበት በገበያ ይገኛል።

ከስህተት ያላዳነን 400 ላይ ነው። እስከ 1985 የነበሩት ሌሎቹ ስሞል ብሎኮች ሁሉ ሚዛናቸው በክራንክሻፍቱ ላይ ያለቀ ሲሆን፣ 400 ግን ከፊት ባላንሰሩ (በክራንክሻፍቱ ፊት የሚታሰረው ክብ ክብደት) ላይም ከኋላ ቮላኖው ላይም ተጨማሪ ክብደት ይፈልጋል፤ ብሎኖቹ ደግሞ ከ350ው ጋር አንድ ናቸው። እኔ የመጀመሪያዬን 383 ስገጥም ዕቃ ቤት ሄጄ «የ350 ባላንሰር» አልኩ፤ ብሎኬ 350 ነበራ። ሻጩም የጠየቅሁትን ሰጠኝ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ፤ ቆሞ ሲሠራም ጸጥ ያለ ነበር። መንገድ ላይ ወደ 2,500 ዙር ሲደርስ ግን መስታወቱ ውስጥ የኋላው መኪና ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ካምቢዮውን አወረድኩ፣ የሞተሩን ጎማ መቀመጫዎች ቀየርኩ፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ የ400ን ባላንሰር ከእኔው አጠገብ አስቀምጬ ሳየው፣ በውስጠኛው ፊት አንደኛው ወገን ጎድሎ ሌላው ከብዶ ይታያል፤ የእኔው ዙሪያውን እኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባላንሰርና ቮላኖ የምገዛው በክራንክሻፍቱ እንጂ በብሎኩ ስም አይደለም። አዲስ ተሠርተው ከሚሸጡ የ383 ክራንክሻፍቶች መካከል ሚዛናቸው በውስጥ ያለቀም ስላሉ፣ ከሳጥኑ ላይ አንብቦ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ስድስተኛ፦ ቴስታታው

ቴስታታ ሲቀየር መጀመሪያ የሚታየው የማቃጠያው ክፍል ይዘት ነው። በ1970ዎቹ 350ዎች ላይ በብዛት የሚገኘው 76 ሲሲ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣው፣ የፈሰሰበት ቁጥር መጨረሻው 461 የሆነውና ጎኑ ላይ ሁለት ጉብታ ያለው ታዋቂ ቴስታታ 64 ሲሲ ነው፤ ከ305 የሚወጡት ደግሞ 58 ሲሲ ገደማ ናቸው። ይህ በኮምፕረሽን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በአንድ 350 እንመልከት። አንዱ ሲሊንደር 717 ሲሲ ያህል ይጠርጋል። ለጋስኬቱ ውፍረት፣ ለ0.025 ዝቅታውና ለፒስተኑ የቫልቭ ጉድጓዶች በአጠቃላይ 18.6 ሲሲ ብናስብ፣ በ76 ሲሲ ቴስታታ ኮምፕረሽኑ 8.6፣ በ64 ሲሲ 9.7፣ በ58 ሲሲ 10.4 ይሆናል።

የ305ን ቴስታታ ርካሽ ነው ብለው 350 ላይ የሚጭኑ ሰዎች የሚያገኙት ቁጥር ይህ ነው። ለዕለት መንገድ መኪና ደስ የሚል ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የነዳጁ ጥራት ማነስ ከጀመረ ሞተሩ ያንኳኳል፤ የ1.84 ኢንች ትንሽ የማስገቢያ ቫልቭም በከፍተኛ ዙር ትንፋሽ ያሳጥረዋል። በተቃራኒው 2.02 ኢንች ቫልቭ ያለው ቴስታታ ጠባብ ሲሊንደር ባላቸው በ283 ወይም በ305 ላይ ሲቀመጥ ቫልቩ የሲሊንደሩን ጠርዝ ሊነካ ይችላል፤ ሳይጠብቁ መለካት ነው።

400 ብሎክ ካለዎት አንድ ነገር አይርሱ። የ400 ሲሊንደሮች ግድግዳቸው የተያያዘና በመካከላቸው ውኃ የማያልፍ ስለሆነ፣ በመካከላቸው የሚፈጠረው እንፋሎት የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች በብሎኩም በቴስታታውም አሉ። የ350 ቴስታታ እነዚህ ቀዳዳዎች የሉትም። የ400ን ጋስኬት እንደ ቅርጽ ተጠቅሞ ቴስታታውን ሳይበሱ የገጠሙት እንደሆነ እንፋሎቱ ታፍኖ ሞተሩ በየጊዜው ይሞቃል፤ ራዲያተር መቀየር አያድነውም።

ቀጥሎ ማኒፎልዱ ይመጣል። እስከ 1986 ድረስ ማኒፎልዱን የሚይዙት አሥራ ሁለቱም ብሎኖች በአንድ ማዕዘን ይገባሉ። ከ1987 ጀምሮ የቴስታታው ክዳን ብሎኖች ወደ መሃል ሲዛወሩ፣ የማኒፎልዱ የመካከለኛዎቹ አራት ብሎኖች ማዕዘንም ወደ 72 ዲግሪ ገደማ ተቀየረ። በ1996 የመጣው ቮርቴክ ቴስታታ ደግሞ ስምንት ብሎን ብቻ ስላለው የራሱን ማኒፎልድ ይፈልጋል። ቮርቴክ በፋብሪካ ከወጡት የብረት ቴስታታዎች ሁሉ የተሻለ አየር የሚያሳልፍ መሆኑ ብዙዎች የሚስማሙበት ነው፤ ሆኖም በፋብሪካው ስፕሪንግ ቫልቩ ከ0.460 ኢንች ብዙም በላይ እንዲከፈት አይፈቅድም፤ ጉልበት ያለው ካምሻፍት ካሰቡ የቫልቭ መምሪያዎቹ ከአናታቸው መቆረጥ አለባቸው።

ሮከሮችን (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) መቀላቀልም ያልተጠበቀ ጉዳት ያመጣል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሉት ሮከሮች ጫፋቸው ላይ ቫልቩን ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ጆሮ አላቸው። በእነዚያ ቴስታታዎች ላይ አሮጌውን ጆሮ የሌለውን ሮከር ካስቀመጡ ከቫልቩ ጫፍ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ጆሮ ያለውን ሮከር ደግሞ ፑሽሮዱን (ሮከሩን ከታች የሚገፋውን ዘንግ) የሚመራ ሳህን ባለው ቴስታታ ላይ ከተጠቀሙ ሁለቱ መሪዎች እርስ በርስ ይጣላሉ።

ስለ ካምሻፍት ለመናገር ያህል፣ ከ1957 እስከ 1986 ያሉት ያለ ችግር ይቀያየራሉ። የ1955ና የ1956ቱ 265 ግን ዘይት ወደ ታፔቶቹ (ካምሻፍቱ የሚገፋቸው ትናንሽ ክፍሎች) የሚያልፍበት ቦይ በካምሻፍቱ የኋላ አንገት ላይ ይፈልጋል፤ ቦይ የሌለው ካምሻፍት ገብቶ ታፔቶቹን ያደርቃል። ከ1987 ጀምሮ ባለ ሮለር ታፔት የሆኑት ብሎኮች የአሮጌውን ካምሻፍት ይቀበላሉ፤ የሮለሩ ካምሻፍት ግን በቀጥታ ወደ አሮጌው ብሎክ አይሄድም።

ሰባተኛ፦ ፊቱና ሥሩ

ሞተሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መኪናው ውስጥ ሲገባ የሚያስለቅሱት እነዚህ ናቸው። እስከ 1968 የውኃ ፖምፓው አጭር ነው፤ ከብሎኩ እስከ ፑሌጃው መቀመጫ 5.6 ኢንች ያህል ይሆናል። በ1969 ወደ 6.9 ኢንች ረዘመ፤ ኮርቬት ብቻ አጭሩን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚሁ ጋር አልተርኔተሩ ከሹፌሩ ወገን ወደ ተሳፋሪው ተሻገረ፤ ቴስታታዎቹም ጫፋቸው ላይ ማሰሪያ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተበሱላቸው። ስለዚህ 461 ቴስታታ በ1970 ካማሮ ላይ ሲቀመጥ አልተርኔተሩ የሚታሰርበት ቀዳዳ አያገኝም። ፖምፓ፣ ፑሌጃ፣ ማሰሪያና ቺንጋ ከአንድ ዘመን ሙሉ ስብስብ ሆነው ቢመጡ ይመረጣል። በኋለኛው ዘመን በአንድ ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ የሚዞሩት ሞተሮች ፖምፓቸው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚዞርም ማስታወስ ተገቢ ነው፤ መልኩ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ ውኃውን ግን በአግባቡ አይገፋም።

ኮፓው ላይ ሦስት ነገር ይታያል። የዘይት መለኪያው ዘንግ እስከ 1979 በሹፌሩ በኩል፣ ከ1980 ጀምሮ በተሳፋሪው በኩል ነው። የፊቱ ጎማ ማሸጊያ እስከ 1974 ቀጭን፣ ከ1975 ወፍራም ነው፤ ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ከመሬት ላይ ዘይት ሲጠርግ ይኖራል። ከ1986 ወዲህ ያለው ኮፓ ደግሞ የኋላ ቅርጹ ሌላ ነው።

ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) የሚወስነው ቮላኖው ነው። ትንሹ 153 ጥርስ ያለው ሲሆን ሞተሪኖው በቀጥታ መስመር በተሰለፉ ሁለት ብሎኖች ይታሰራል፤ ትልቁ 168 ጥርስ አለው፤ ብሎኖቹም አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ሸሽተው ይቆማሉ። ብሎኩ የትኛው ዓይነት ቀዳዳ እንዳለው ከመግዛት በፊት ይታይ። የ1955 እስከ 1957 ብሎክ ደግሞ ሞተሩን ከጎን የሚይዙ ማረፊያዎች የሉትም፤ እነዚያ የመጡት በ1958 ነው።

በሌሎች ፋብሪካዎች ሞተሮች ላይም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጡት ቁጥሮቹ ናቸው። የፎርድ 302ና 351 ዊንዘር ቴስታታ ይቀያየራል፤ ብሎኑ ግን በአንዱ 7/16፣ በሌላው 1/2 ኢንች ነው፤ የብሎኩ ከፍታ ስለሚለያይ ማኒፎልዱ አይሄድም፤ የእሳት ቅደም ተከተላቸውም አንድ አይደለም። የክራይስለር 318ና 340 ዋና አንገታቸው 2.50 ሲሆን የ360ው 2.81 ነው፤ 360 ሚዛኑን ከውጭ ይፈልጋል፣ ልክ እንደ 400።

ስምንተኛ፦ ከመዝጋት በፊት

ብሮንዙ ገብቶ ክራንክሻፍቱ ከተቀመጠ በኋላ በየአንገቱ ላይ የፕላስቲክ መለኪያ ክር አኑረው ዋናውን ብሎን በ70 ጫማ ፓውንድ ያጥብቁ፤ መልሰው ሲፈቱ የተጨፈለቀው ክር ስፋት ክፍተቱን ይነግራል። ለአንድ ኢንች አንገት 0.001 ኢንች ክፍተት የሚለው የቆየ ስሌት እዚህ በደንብ ያገለግላል፤ ለ2.45 አንገት 0.0025 ገደማ ማለት ነው። ክሩ ከአንዱ ጫፍ ጠቦ ከሌላው ከሰፋ አንገቱ ወይም የብሎኩ ቀዳዳ ቀጥ አይደለም።

ካምሻፍት፣ ቴስታታ ወይም ፒስተን ከተለያየ ሞተር የመጣ ከሆነ አንድ ፒስተን አናት ላይ ለስላሳ ሸክላ ይለጥፉ፤ ሸክላው እንዳይያያዝ በጥቂት ዘይት ይቀባ። ቴስታታውን በአሮጌ ጋስኬት አስቀምጠው ታፔትና ሮከሩን አስተካክለው፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። የሚያቆም ነገር ካለ አይግፉት፤ ቴስታታውን አውርደው የተጨፈለቀውን ቦታ በስለት ቆርጠው ውፍረቱን ይለኩ። ለማስገቢያ ቫልቭ ቢያንስ 0.080፣ ለማስወጫው 0.100 ኢንች መቅረት አለበት። ካነሰ የፒስተኑ ጉድጓድ ይጠለቃል ወይም ሌላ ካምሻፍት ይፈለጋል።

ልኩ ከመጣ በኋላ አዲሱ ጋስኬት ገብቶ የቴስታታው ብሎኖች በ65 ጫማ ፓውንድ በሦስት እርከን ከመሃል ወደ ዳር ይጠብቃሉ። በዚህ ሞተር ላይ የቴስታታው ብሎኖች ጫፍ በሙሉ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጥርሳቸው ላይ ማሸጊያ ሳይቀባ ከጠበቁ ውኃው በጥርሱ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ዲስትሪቢዩተሩን ሲያስገቡ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2 ነው፤ ብሎኩ የ1955ም ይሁን የ1995፣ 283ም ይሁን 400።